በቅሉ ካርቶን ላይ የጻፍኩት

ባለፈው ወር መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ ሽቅብ ስሄድ አንዲት ሴት ሱቅ በር ላይ ተንበርክካ ካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር ስትጽፍ አየኋት። አጠገቧ ስደርስ የማርከሩ ሽታ ሰነፈጠኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኔ ደግሞ በቀላሉ የምቆም ሰው አይደለሁም፤ ታክሲ ስጠብቅ እንኳ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሰልፉን የማምስ ነኝ። ሴትየዋ ቀና ብላ "ምን ፈለግሽ እህቴ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ምን ልበላት? እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺ ካርቶን ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጽፌ ከጥቅምት እስከ ጥር መቀመጫ አጥቻለሁ ልበላት?

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሀዋ ዓረብ አገር፣ ጅዳ፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። አባቴ ወረኢሉ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ስለነበር ያሳደጉኝ የእናቴ ወላጆች ናቸው። ወንዱ አያቴ ሼህ ይማም ቁርአን ያስቀራሉ፤ እኔ "አባ" ነው የምላቸው። ሴቷ አያቴ እመት ሩቂያ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ ሞቱ። ታመው የተኙት አራት ቀን ብቻ ነው። እናቴ ለመምጣት ለመነች፣ አለቀሰች፣ አሠሪዎቿ ግን አልለቀቋትም። እናቷ በተቀበሩበት ቀን የሰው ልብስ ስትተኩስ መዋሏን በስልክ ነገረችን።

የአርባው ሰደቃ ካለፈ በኋላ ደወለችና አባን "አንድ ነገር ልለምንዎት" አለቻቸው። "የእናቴን ቅል ይላኩልኝ።"

ቅሉ የወተት ቅል ነው። እናቴ ሳትወለድ አያቴ ወደ ከላላ ገበያ ወርደው ያመጡት ነው ይባላል። አንገቱ ረዘም፣ ሆዱ ክብ ያለ፣ በእጅ ብዛት ቀልቶ የሚያብለጨልጭ፣ መንጠልጠያ ጠፍር የተበጀለት። አያቴ በየሁለት ቀኑ ወይራ ያጥኑት ነበር። ወተቱ ወይራ ወይራ ይላል፣ ቤቱም ወይራ ወይራ ይላል፣ እሳቸውም እንደዚያው። ሕፃን ሆኜ ሽታው ከቅሉ ወደ እሳቸው ይሂድ ከእሳቸው ወደ ቅሉ ለይቼ አላውቅም ነበር።

እሳቸው ሲሞቱ ላሚቱም ነጥፋ ስለነበር ቅሉን የሚያጥነው ጠፋ። አባ መክደኛውን ገጠሙና ከአያቴ ሻሽ በቀደዱት ጨርቅ አንገቱን ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ከዚያ ከመደባቸው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። አንድ ቀን በርጩማ ላይ ወጥቼ ልፈታው ስታገል ደረሱብኝ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ላሸተው ብዬ ነው።"

"አየር አታስገቢበት። ውረጂ!"

ሰሰቱብኝ አልኩ በሆዴ። ስኳሩን ቆልፈው የሚያስቀምጡት ሳያንስ አሁን ደግሞ ሽታ ይቆልፋሉ ብዬ ተነጫነጭኩ። እናቴ ቅሉን ስትጠይቃቸው ግን ስልኩን እንደያዙ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ቅል አዩት። "እሺ" ያሏት ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤታችን ሰዓዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው፤ ዕቃውን እሷ ልትወስድልን ተስማማች። የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ ከድጃ፣ ካርቶን ፈልጋ አመጣች። ከድጃ ራሷ ዓረብ አገር ሁለት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች፤ ስለ አውሮፕላን ነገር በቤታችን ከእሷ በላይ ተናጋሪ የለም።

"ሻንጣ እንዴት እንደሚወረውሩ በዓይኔ አይቻለሁ ወላሂ!" አለች። "የሚሰበር ዕቃ ከሆነ እላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሰሚራ ትጻፈው፣ እሷ ተማሪ አይደለች?"

"አባ በዓረብኛ ለምን አይጽፉትም?" አልኩ። አባ ዓረብኛ አሳምረው ይጽፋሉ፤ የጅዳም ሰው ያነበዋል።

"ቁርአን የወረደበት ፊደል ካርቶን ላይ ተጽፎ እግር ሥር ሊጣል?" አሉ አባ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ ሥራው የእኔ ሆነ። የአያቴ ቅል፣ ሌላ ቦታ የማይገኘው፣ ባሕር ተሻግሮ እናቴ እጅ በደህና መድረሱ በእኔ እንግሊዝኛ ላይ ወደቀ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ያኔ ከ"ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር" ብዙም አይርቅም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ግርማ የደጎሎ ሰው ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ አባን መንገድ ላይ ሲያገኙ ግን ከእኛ ቀድመው "አሰላሙ አለይኩም ሼህ" የሚሉ። ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበራቸው። በረፍት ሰዓት ሄድኩና "ቶሎ የሚሰበር ነገር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?" አልኳቸው።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"በቃ የሚሰበር።"

"የሚሰበር ነገር ብዙ ነው፣ አሰባበሩም ብዙ ነው" አሉና አንድ ጠመኔ አንስተው ቀጭ አደረጉት። "ይኸውልሽ፤ ደርቆ፣ እጥፍ ሳይል እንዲህ ቀጭ የሚለው ብሪትል ነው። እንቁላል፣ ብርጭቆ፣ ሸክላ፣ ካልተጠነቀቁለት የሚሰበረው ፍራጃይል። የአበባ ቅጠል ወይም ገና የተወለደ ሕፃን ደግሞ ደሊኬት፤ ስስ ማለት ነው። አቅም የከዳው ሽማግሌ ፍሬይል ይባላል። ብሬከብል የሚባልም አለ፤ እሱን ሰነፍ ተማሪ ነው የሚጽፈው።"

በደብተሬ ጀርባ ሁሉንም ገለበጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የጤና አልነበረም። በጠዋት ወደ ቁርአን ስሄድ ጉድጓድ ውስጥ በተኛው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ በተረከዜ እሰብርና "ብሪትል" እላለሁ። ከአውድማ የተረፈ የባቄላ አገዳ አነሳለሁ፣ እሰብራለሁ፣ "ብሪትል"። የጎረቤት ጥጃ እግር "ደሊኬት"። የሱቁ ፋኖስ መስታወት "ፍራጃይል"። አባን ከኋላቸው ሆኜ ሲራመዱ አየሁና አንዱ ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

ቅሉን ግን የት እንደማደርገው ቸገረኝ። እንደ ጠመኔው ደረቅ ነው፣ እንደ እንቁላሉ ሆዱ ባዶ ነው፣ ሲያንኳኩት ደግሞ አጥንት አጥንት የሚል ድምፅ አለው። እንደገና መምህር ግርማ ዘንድ ሮጥኩ። ጭንቀቴን ሰሙና "ካርቶን ላይ ከሆነማ ፍራጃይል ነው። ዓለም በሙሉ እሱን ነው የሚጽፈው፤ ሂጂና በትልቁ ጻፊ" አሉኝ።

እየዘለልኩ ቤት ገባሁ። አባ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን ይቆጥራሉ።

"አባ! ቃሉን አገኘሁት። ፍራጃይል ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቶሎ የሚሰበር።"

ጣታቸው ሙስበሃው ላይ ቆመ። "አዑዙቢላህ! ገና ከቤት ሳይወጣ ተሰባሪ ብለሽ ልትጽፊበት? አንቺ ልጅ፣ በኸይር ጀምሪ እንጂ!"

"መምህር ግርማ ናቸው ያሉኝ።"

"መምህር ግርማን አከብራቸዋለሁ። ቅሉ ግን የሚስቴ ነው።"

በማግስቱ ብሪትልን ይዤ ቀረብኩ። ትርጉሙን ስነግራቸው "ይሄማ የባሰው ነው" አሉ። ደሊኬት አልኩ፤ "ስስ? ስስ ሊቀደድ ይፈልጋል" አሉ። ብሬከብልን ሳልጀምር በእጃቸው አባረሩኝ። የሰዓዳ ጉዞ አራት ቀን ቀርቶታል። ከድጃ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር "ጻፍሽው?" ትለኛለች። እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ መብላት አቃተኝ፤ ጉርሻዬን ይዤ ግቢውን እዞራለሁ።

አባ ዝም ብለው ሲያስቸግሩ እንዳልነበር መናገር አለብኝ። እኛ ቤት የተጻፈ ቃል ተነቦ ብቻ አይቀርም። ቁርአን የምንማረው በእንጨት ሉህ ላይ ነው፤ ቀለሙን ከጥቀርሻና ከሙጫ እንበጠብጣለን፣ በሸምበቆ ብዕር እንጽፋለን። ያን ትምህርት በቃል ከያዝን በኋላ ሉሁን አጥበን ውኃውን በእፍኛችን እንጠጣለን። ሆድ የሚቆርጠው ሰው ሲመጣም አባ ጽፈው፣ አጥበው፣ በኩባያ ያጠጡታል። ቃሉ ከእንጨቱ ወደ ውኃ፣ ከውኃው ወደ ሰው ይገባል። ታዲያ ከእንጨት ወደ ሰው የሚገባ ቃል ከካርቶን ወደ ቅል ለምን አይገባም? እኔ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ አባ ልክ ናቸው፤ ሰባራ ብለህ የጻፍክበት ይሰበራል።

መፍትሔው የመጣልኝ ክፍል ውስጥ ነው። መምህር ግርማ ተቃራኒ ቃላት ሲያስተምሩ እጄን አወጣሁና "የፍራጃይል ተቃራኒ ምንድን ነው?" አልኳቸው። "ስትሮንግ ልትይ ትችያለሽ" አሉ። የቀረውን ትምህርት አልሰማሁም። ደወሉ ሲደወል ከማንም ቀድሜ በሩን ያለፍኩት እኔ ነበርኩ።

"አባ፣ ስትሮንግ!"

"ትርጉሙ?"

"ጠንካራ።"

"ማሻአላህ!" ፊታቸው በራ። "ይኸውልሽ፣ ፈልገሽ አታጪም። እንግሊዝም መልካም ቃል አለው ለካ።"

በዚያው ቀን ታሸገ። ከድጃ ቅሉን በአያቴ ነጠላ ጠቀለለችው፤ በግራ በቀኙ የበሶና የሽሮ ከረጢት ደገፈችበት። አባ የአንገቱን እስር በጣታቸው ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ካርቶኑ ከተዘጋ በኋላ ከሱቅ የተዋስኩትን ማርከር ከፈትኩ፤ ያ ሽታ ያኔ ነው ውስጤ የገባው። በአራቱም ጎን ጻፍኩ። እንዳይሳሳ እየደጋገምኩ አደመቅኩት።

ከድጃ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች። እንግሊዝኛ አታነብም። "እኔ ያየሁት ላይ እኮ የብርጭቆ ሥዕልም ነበረበት" አለች።

"ብርጭቆ መቼ ላክን?" አልኳት። ልክ ነሽ ብላ ተወችው።

ሰዓዳን ልንሸኝ ማለዳ መናኸሪያ ወረድን። ሰዉ በጋቢ ተጀቡኖ ይተቃቀፋል፣ ያለቅሳል። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያው ላይ ቆሞ ዕቃ ይቀበላል። የእኛን ካርቶን ወደ ላይ ሲያነሱለት ጽሑፉን አየና እንደ ጤፍ ጆንያ ወርውሮ ከሥር አስገባው፤ በላዩ ላይ ሁለት ሻንጣ ጫነበት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ደግሞ ስትሮንግ የሚለው ትዝ አለኝና ዘጋሁት። አውቶቡሱ ወደ ደሴ ሲንቀሳቀስ እስከ መታጠፊያው ድረስ አብሬው ሮጥኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ለእኔ ከመጠበቅ የከፋ ቅጣት የለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከቁርአን ቤት ዘልዬ እወጣለሁ፣ አባ በአለንጋቸው መሬቱን መታ አድርገው ይመልሱኛል። በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ዓርብ እናቴ ደወለች።

"ደርሷል፣ አልሐምዱሊላህ" አለች።

"ቅሉስ?" ብዬ ስልኩን ከአባ እጅ ነጠቅኩ። "ቅሉ ደህና ነው?"

"ደህና ነው የኔ እናት። አብሽሪ።"

የደስታዬን ነገር ተዉት። ዓለምን የማድንበት ቃል እጄ ገባ። የመማሪያ ወንበሬ እግር ላይ ጻፍኩት። የዶሮዋ ቤት ላይ በከሰል ጻፍኩት። አባን ጉልበታቸውን ብርድ ይዟቸው ሲያቃስቱ ሳይ ደግሞ የሉሄን ጀርባ ገልብጬ በጥቀርሻው ቀለም ስትሮንግ ብዬ ጻፍኩና አጥቤ በኩባያ አቀረብኩላቸው። በሉሁ ፊት ላይ ጽፌ የተማርኩት ሱራ መስሏቸው "ቢስሚላህ" ብለው ጭልጥ አደረጉት። ከዚያ ሉሁን አነሱ። ከጀርባው በደንብ ያልለቀቀ ፊደል ነበር።

"ይህ የማን ፊደል ነው?"

"የእንግሊዝ" አልኩ በቀስታ።

"ጠጥቼዋለሁ እኮ!" አሉ። ሊቆጡ ሲሉ ሳቁ አመለጣቸው፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። "የሚጠጣው የጌታ ቃል ነው፤ የመምህር ግርማ ቃል አይጠጣም። አስተግፊሩላህ በይ።" እንዳሉኝ አልኩ። በማግስቱ ግን ያለ ከዘራ መስጊድ ሲሄዱ አይቼ ለማንም ያልነገርኩት ኩራት ተሰማኝ።

ኩራቴ ነው ያጋለጠኝ። መምህር ግርማን መንገድ ላይ አግኝቼ ቅሉ በደህና መድረሱን አወራሁላቸው።

"ጎሽ! ፍራጃይል ብለሽ ጻፍሽ አይደል?"

"አይ፣ ስትሮንግ ብዬ ነው።"

ቆሙ። "ስትሮንግ?"

ምክንያቴን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የአባን ነገር፣ የሉሁን ነገር። ሳያቋርጡ ሰሙኝና "ጽሑፉን ለማን ነው የጻፍሽው?" አሉ።

"ለቅሉ።"

"ቅሉ እንግሊዝኛ ያነባል?"

በእግሬ ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረግኩ።

"ሰሚራ፣ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ለዕቃው አይደለም፤ ለተሸካሚው ነው። ፍራጃይል ሲል ያየ ሰው ቀስ ያደርጋል። ስትሮንግ ሲል ያየ ከሥር ያደርገዋል።" ፊቴን አይተው መሰለኝ ቶሎ ብለው "ግን በደህና ደርሷል ብለሽኛል፤ ምን ያስጨንቅሻል?" ብለው ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ረዳቱ ዓይኔ ላይ መጣ። ጽሑፉን አይቶ ነበር፤ አንብቦትም ይሆናል። እኔ ነኝ ወርውረው ያልኩት። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ፣ ካርቶኑን ያየ ሰው ሁሉ በእኔ ፈቃድ ወርውሮታል። እውነት ደህና ደርሶ ይሆን?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቴ ዕረፍት አልሰጠኋትም። በከድጃ ስልክ በቪዲዮ ስታወራን "ቅሉን አሳዪኝ" እላታለሁ። አንዴ ሥራ ላይ ነኝ ትላለች፣ አንዴ ክፍሉ መብራት የለውም፣ አንዴ ቁም ሳጥኑን ሌላ ሴት ቆልፋው ወጥታለች። ትናደዳለች ብዬ እፈራለሁ፣ ግን አላቆምም። ሌት ስገላበጥ፣ ጠዋት ሉሄ ላይ ስሳሳት፣ አባ ያዩኛል።

አንድ ዓርብ አሳየችን። ከአልጋዋ በላይ ካለ መደርደሪያ ላይ ቅሉ ቆሟል። አንገቱ፣ ጠፍሩ፣ ቀይ ሆዱ። ከድጃ እልል አለች።

"አዙሪው" አልኩ።

"ምን?"

"ወደዚያ አዙሪው፣ ጀርባውን ልየው።"

እናቴ ወደ ቅሉ አየች፣ ወደ እኛ አየች። እጇ አልተንቀሳቀሰም። አባ ስልኩን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። "በቃ፣ አየነው" አሉ። "አሏህ ይስጥሽ ልጄ።" ፊታቸውን ሳየው መሰበሩን እንዳወቁ ገባኝ፤ እሳቸው ያሰሩት የሻሽ ጨርቅ አንገቱ ላይ አልነበረም።

የሚቀጥለው ሳምንት ከሁሉ የረዘመው ነው። አባ ስለ ቅሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ቅሉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል፤ እሳቸው ተጋድመው ያንን ያያሉ። እኔ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ውኃ ልቅዳ እላለሁ፣ ሳልቀዳ እመለሳለሁ። ለእናቷ ለቅሶ ያልደረሰች ሴት የለመነችው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም እኔ አሰበርኩባት።

ዓርብ ስልኩ ሲጮኽ አባ አጎዛቸው ላይ ነበሩ። የእሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሁሌም ድምፁን ከፍተን ነው የምናወራው። ሰላምታውን አላስጨረስኳትም።

"እማ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት!"

"ምኑን?"

"ቅሉን። ካርቶኑ ላይ ጠንካራ ነው ብዬ ጻፍኩበት። የሚሰበር ነው ማለት ነበረብኝ፣ መምህር ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን ..." የቀረውን ለቅሶ ወሰደው።

"እኔ ነኝ ያስጻፍኳት" አሉ አባ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። "ልጅቱ መጀመሪያ ትክክለኛውን አምጥታ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳት። ይቅር በይኝ ሀዋ።"

አባ ለልጃቸው ይቅርታ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"አባዬ" አለች እናቴ። "ዋሽቼዎታለሁ፣ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ። ካርቶኑን ስከፍተው ሆዱ ከሁለት ተከፍሎ፣ አንድ ጎኑ ደቆ ነበር። ያሳየኋችሁ የተረፈውን ወገን ነው። ግን ሰሚ፣ አታልቅሽ፣ አድምጪኝ። ነጠላውን ስፈታው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ስድስት ሴት ነን እዚህ የምናድረው፤ ጋደም ያሉት ሁሉ ተነሱ። የሰቆጣዋ ልጅ 'ማን መጣ?' አለች። ማን መጣ አለች ወላሂ! እኔ ያን ጊዜ ነው የእናቴን ለቅሶ የተቀመጥኩት። ስድስታችንም ተቀመጥን። ደህና ቢደርስ ኖሮ መቼ እከፍተው ነበር? ሽታው እንዳያልቅብኝ አስሬ አስቀምጠው ነበር እንጂ።"

አባ ሙስበሃውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ቀና ብዬ ሳያቸው ጺማቸው ርሷል። ግድግዳው ላይ የሰቀሉት፣ አየር አታስገቢበት ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እሳቸውም አንድ ቀን ከፍተውት አያውቁም። እንደታሰረ ነው የላኩላት።

"ሀዋ" አሉ። "ምን ይል ነበር?"

"ምኑ አባዬ?"

"ሽታው። እስቲ ንገሪኝ።"

ስልኩን አነሱና ድምፁ ተከፍቶ ሳለ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ የእናቴ ድምፅ ለእኔ እንደ ሹክሹክታ ነበር፤ የምሰማው የእሳቸውን ብቻ ነው። "ወይራው ነው? ... እህ። ... ቅቤውስ? ... አደሱም አለበት? ... እሷ ፀጉሯን ስትቀባ ... አዎ፣ አዎ። ... አትቸኩይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

እኔ አጎዛው ጠርዝ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የስልኩ ባትሪ አልቆ እስኪጠፋ ድረስ አልተነሳሁም።